ነጭ ሰሊጥ በፎቶ ለምን ይጠቁራል?

በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሰሊጥ አጨዳ አልቆ ምርቱ ወደ ሸሕዲ መጋዘኖች በሚገባበት በጥቅምትና በኅዳር ወራት፣ ከጆንያው ቀድሞ ጎንደርና አዲስ አበባ የሚደርሰው የሰሊጡ ፎቶግራፍ ነው። ነጋዴው ከጆንያው ዘግኖ ያወጣውን ሰሊጥ በስልኩ ካሜራ አንሥቶ ለደላላው ይልካል። ደላላው ለገዢው ያስተላልፋል። ገዢውም ፎቶውን አይቶ «ይኼማ ጠቆር ብሏል፤ ዝናብ ሳያገኘው አልቀረም» ይልና ዋጋ ይቀንሳል። ነጋዴው ግን በእጁ የያዘው ሰሊጥ ነጭ መሆኑን በዓይኑ እያየ ነውና ይከራከራል።

እንዲህ ባለው ክርክር ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ያዩትን ነው። አንዳቸውም አልዋሹም። ልዩነቱን የፈጠረው በመካከላቸው የገባው ሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ካሜራው ነው። ለምሳሌ ያህል በቀለሙ ምክንያት ከእያንዳንዱ ኩንታል 300 ብር ቢቀነስና ነጋዴው የሚሸጠው 200 ኩንታል ቢሆን፣ ካሜራው የብርሃን ልኬቱን በመሳቱ ብቻ 60,000 ብር ከነጋዴው ኪስ ይወጣል ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ የቆሸሸ ሰሊጥ በፎቶ ነጥቶ ሊታይና ገዢው በማያየው ዕቃ ላይ ገንዘቡን ሊያፈስ ይችላል።

ለመሆኑ ካሜራ ነጩን የሚያጠቁረው፣ የጠቆረውንም የሚያነጣው በምን ምክንያት ነው? መልሱ ያለው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው አይኤስኦ የሚባለው የብርሃን ትብነት መጠን ሲሆን፣ ሁለተኛው ሜተሪንግ የሚባለው የብርሃን አለካክ ነው።

ቀለም ገንዘብ የሆነበት ገበያ

ሸሕዲ፣ በሌላ ስሟ ገንዳ ውኃ፣ ከጎንደር ወደ ሱዳን ድንበር መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች በሆነው በዚህ ቆላ፣ በኮኪትና በሽንፋ አካባቢዎች ጭምር፣ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በስፋት ይመረታል። ከጫካው ዛፍም እጣን ይለቀማል። ከእነዚህ ውስጥ ሰሊጥ፣ ጥጥና እጣን የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ቢኖር ገዢ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ንጣታቸው መሆኑ ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ በኋላ ሰሊጥ ናሙናው እየተወሰደ ደረጃ የሚወጣለት ምርት ሆኗል። በዚህ አሠራር ነጣ ያለው የሁመራ/ጎንደር ሰሊጥ ከወለጋው ነጣ ያለ ሰሊጥና ቀላ ካለው ሰሊጥ ተለይቶ በራሱ ስም ይመደባል። የሁመራና የመተማ ሰሊጥ በቻይና፣ በእስራኤልና በጃፓን ገበያዎች የሚታወቀውም በንጣቱና በጣዕሙ ነው። ስለዚህ ሰሊጡ መጋዘን ከመድረሱና ናሙናው ከመመርመሩ በፊት በነጋዴ፣ በደላላና በላኪ መካከል በሚደረገው የመጀመሪያ ድርድር ፎቶግራፍ ከባድ ሚና ይጫወታል። ይሁን እንጂ ፎቶውን የሚያነሣውም ሆነ አይቶ የሚፈርደው ሰው ካሜራው ብርሃንን እንዴት እንደሚለካ ካላወቀ ድርድሩ በተሳሳተ ማስረጃ ላይ ይመሠረታል።

ብርሃን የሚገባባቸው ሦስት በሮች

ማንኛውም ካሜራ፣ የስልክም ይሁን በአንገት የሚንጠለጠለው ትልቁ፣ የፎቶውን ብሩህነት የሚወስነው በሦስት ነገሮች ነው። የመጀመሪያው አፐርቸር ሲሆን የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው። ሁለተኛው ሻተር ሲሆን ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ርዝመት ነው። ሦስተኛው አይኤስኦ ነው።

ነገሩን በውኃ መስሎ ማየት ይቻላል። አንድ ባልዲ ለመሙላት የቧንቧውን አፍ ማስፋት አንድ መንገድ ነው፤ ይህ አፐርቸር ነው። ቧንቧውን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ መተው ሌላው መንገድ ነው፤ ይህ ሻተር ነው። አይኤስኦ ግን ውኃ አይጨምርም። የተቀዳው ጥቂት ውኃ ብዙ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል እንጂ።

አይኤስኦ ስሙን ያገኘው ከዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ነው። በፊልም ዘመን የፎቶ ቤት ባለሙያዎች አሜሪካኖች ባወጡት የኤ.ኤስ.ኤ. መለኪያና ጀርመኖች ባወጡት የዲን መለኪያ ይጠቀሙ ነበር። ፊልም ገዢው «ባለ 100» ወይም «ባለ 400» ብሎ ሲጠይቅ የሚያመለክተው የፊልሙን የብርሃን ትብነት ነበር። ሁለቱ መለኪያዎች በኋላ በአይኤስኦ ስም ተጠቃለሉ። ለዲጂታል ካሜራ የተዘጋጀው ደረጃ፣ አይኤስኦ 12232፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን በ2006 እና በ2019 ተሻሽሏል።

በፊልምና በዲጂታል መካከል ያለው ትልቅ ልዩነት ይኸውም ነው። ፊልም አንዴ ካሜራ ውስጥ ከገባ እስኪያልቅ ድረስ ትብነቱ አይለወጥም። በዲጂታል ካሜራ ግን አይኤስኦ ለእያንዳንዱ ፎቶ ሊለዋወጥ ይችላል። ቁጥሩ በእጥፍ ባደገ ቁጥር፣ ማለትም ከ100 ወደ 200፣ ከ200 ወደ 400፣ ከ400 ወደ 800 ሲሄድ፣ ለተመሳሳይ ፎቶ የሚያስፈልገው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ይህ የእጥፍ ለውጥ በባለሙያዎች ዘንድ ስቶፕ የሚባል ሲሆን በዚህ ጽሑፍ እርከን ተብሏል።

ከፀሐይ ወደ መጋዘን አሥር እርከን

ፎቶግራፍ አንሺዎች ከፊልም ዘመን ጀምሮ የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ደንብ አለ። ደመና በሌለበት ጠራራ ፀሐይ አፐርቸር ኤፍ 16 ላይ ተደርጎ የሻተሩ ፍጥነት ከአይኤስኦው ቁጥር ጋር ከተመሳሰለ ፎቶው የተስተካከለ ይሆናል። ይኸውም አይኤስኦ 100 ከሆነ ሻተሩ 1/100 ሰከንድ ነው። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ማስፋት ብርሃኑን ሁለት እርከን ስለሚጨምር ሻተሩ በዚያው ልክ ፈጥኖ 1/400 ሰከንድ ይሆናል። ኤፍ 2.8 ላይ ደግሞ 1/3200 ሰከንድ ይደርሳል። የሸሕዲ ቀትር ለዚህ ደንብ ተስማሚ ነው።

ነገር ግን ነጋዴው ከውጭ ወደ መጋዘኑ ሲገባ ሁኔታው ይገለበጣል። ጠራራ ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ ገደማ የሚለካ ብርሃን ሲኖረው፣ በሩ ብቻ ተከፍቶ ብርሃን የሚገባበት የመጋዘን ውስጥ ግን 100 ሉክስ ገደማ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ፣ በእርከን ሲቆጠር አሥር ነው። የሰው ዓይን ይህን ለውጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስለሚለምደው የጨለማውን ልክ አያስተውለውም። ካሜራው ግን ያስተውለዋል። ከላይ በኤፍ 2.8 1/3200 ሰከንድ የበቃው ብርሃን እዚህ አይኤስኦ 100 ላይ 1/3 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። በ1/3 ሰከንድ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ፎቶው ይደበዝዛል። ስለዚህ ካሜራው አይኤስኦውን ወደ 1600 ከፍ አድርጎ ሻተሩን 1/50 ሰከንድ ላይ ያቆማል። አብዛኞቹ የስልክ ካሜራዎች የአፐርቸራቸው ቀዳዳ የማይለወጥ በመሆኑ ከሻተርና ከአይኤስኦ ሌላ የሚጫወቱበት ነገር የላቸውም።

ለዚህ የሚከፈል ዋጋ አለ። የአይኤስኦ መጨመር የሬዲዮ ድምፅ እንደማጉላት ነው። ጣቢያው በደንብ ሲገባ ድምፁ ጥርት ይላል። ጣቢያው ደካማ ሲሆን ግን ድምፁን ማጉላት የሚያበዛው ሽርሽርታውን ነው። በፎቶ ላይም ብርሃን ባነሰበት ቦታ አይኤስኦ ሲጨምር ኖይዝ የሚባል የነጥብ ብናኝ በምስሉ ላይ ይረጫል። ስልኩ ይህን ብናኝ ለማጥፋት ሲል ምስሉን በራሱ ሥልት ያለሰልሰዋል።

ሰሊጥ ነጋዴን የሚመለከተው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአንድ የሰሊጥ ፍሬ ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ ያለው አፈር፣ ገለባና የጠቆረ ፍሬ ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ብናኙን ሲያለሰልስ አፈሩንና ገለባውንም አብሮ ያጠፋዋል። በአይኤስኦ 1600 ወይም 3200 በመጋዘን ጨለማ የተነሣ ፎቶ ስለ ሰሊጡ ንጽሕና የሚናገረው ነገር ሊታመን የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ካሜራው ዓለምን ግራጫ አድርጎ ያስባል

ከአይኤስኦው ይልቅ ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የብርሃን አለካኩ ነው። ካሜራው ከፊት ለፊቱ ያለው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያውቀው ከዕቃው ተንጸባርቆ የሚመጣውን የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ብዙ ብርሃን ሲመጣ ዕቃው ነጭ ስለሆነ ይሁን ወይም ፀሐዩ ስለበረታ መለየት አይችልም።

ስለዚህ ሠሪዎቹ አንድ አማካይ ግምት ሰጥተውታል። ይኸውም በአንድ ፎቶ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ቢደባለቅ የሚሰጠው ብሩህነት መካከለኛ ግራጫ ነው የሚል ነው። በሙያው ይህ ግራጫ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ የሚሆነውን የሚያንጸባርቅ ተደርጎ ይወሰዳል። ሰው፣ ዛፍ፣ መንገድና ቤት ተቀላቅለው ባሉበት የተለመደ ፎቶ ላይ ግምቱ ያስኬዳል። ችግሩ የሚመጣው የፎቶው ፍሬም በአንድ ነገር ብቻ ሲሞላ ነው።

ነጋዴው የካሜራውን ፍሬም ከዳር እስከ ዳር በነጭ ሰሊጥ ሲሞላው ካሜራው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ሰሊጡም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የአዲስ አበባ የእህል ነጋዴ ይህን በጤፍ ሊያስበው ይችላል። በፎቶ የተላከው ነጭ ጤፍ በካሜራው ስሕተት ሰርገኛ መስሎ ይመጣል። በተቃራኒው ኑግ ሲነሣ ካሜራው «ብርሃን አንሷል» ብሎ ስለሚጨምር ጥቁሩና የሚያብረቀርቀው ኑግ ደብዝዞ አመዳም ይሆናል። ለሱዳን ገበያ የሚቀርበው ጥቁር በሬም ቆዳው ብል የበላው መስሎ ይታያል።

የስሕተቱ መጠን በሒሳብ ሊታወቅ ይችላል። 18 በመቶ አንድ እርከን ሲጨምር 36 በመቶ፣ ሁለት እርከን ሲጨምር 72 በመቶ ይሆናል። ነጭ ወረቀት ከ80 በመቶ በላይ ስለሚያንጸባርቅ ካሜራው በወረቀቱ ላይ የሚሠራው ስሕተት ከሁለት እርከን በላይ ነው። ሰሊጥ እንደ ወረቀት የነጣ ባለመሆኑና በፍሬዎቹ መካከል ጥቃቅን ጥላ ስላለ ስሕተቱ ከዚያ አነስ ይላል። አንድ እርከን ስሕተት እንኳ ግን ነጩን ሰሊጥ ዝናብ ያገኘው ለማስመሰል ይበቃል።

ከዚህ አንፃር በተቃራኒው በኩል ያለውን ማታለያ መረዳት አያዳግትም። ያው ሰሊጥ ጥቂት እፍኝ ብቻ ተወስዶ በጥቁር ላስቲክ ወይም በጥቁር ጨርቅ መካከል ቢቀመጥ ካሜራው የሚለካው በአብዛኛው ጥቁሩን ነው። ጥቁሩን ወደ ግራጫ ለማምጣት ብርሃን ሲጨምር በመካከል ያለው ሰሊጥ አብሮ ይነጣል። ቢጫ የመታው፣ የወየበውና የቆሸሸው ፍሬ ሁሉ በአንድ ንጣት ውስጥ ይጠፋል። ፎቶውን ያነሣው ሰው ማንንም ለማታለል ሳያስብ ይህን ሊያደርግ ይችላል። አውቆም የሚያደርገው አይጠፋም።

አራቱ የአለካክ ዓይነቶች

የካሜራ ሠሪዎች ችግሩን ለማቃለል የተለያዩ የአለካክ ዓይነቶችን አዘጋጅተዋል። ስማቸው ከድርጅት ድርጅት ቢለያይም ሥራቸው ተቀራራቢ ነው።

አንደኛው ፍሬሙን በብዙ ክፍል ከፋፍሎ የሚለካው ነው። ኒኮን ማትሪክስ፣ ካነን ኢቫሉዌቲቭ፣ ሶኒ ማልቲ ይሉታል። ኒኮን ይህን አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ኤፍ.ኤ. በተባለው የፊልም ካሜራው ነው። ለሠርግ፣ ለገበያና ለመንገድ ፎቶ የሚስማማ ሲሆን ፍሬሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ በሆነ ጊዜ ግን እርሱም ይሳሳታል።

ሁለተኛው ሴንተር ዌይትድ የሚባለው ሲሆን ሙሉውን ፍሬም እየለካ ለመካከሉ ይበልጥ ክብደት ይሰጣል። በአንዳንድ የኒኮን ካሜራዎች ለመካከለኛው ክብ የሚሰጠው ክብደት 75 በመቶ ነው። ነጋዴው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ የሚያነሣ ከሆነ የዚህኛው ስሕተት ተመሳሳይ ስለሚሆን ለማረም ይቀላል።

ሦስተኛው ስፖት ነው። ከፍሬሙ ጥቂት በመቶ የምትሆን አንዲት ነጥብ ብቻ ይለካል። ነጥቧ ያረፈችበትን ነገር ግራጫ ያደርገዋልና ነጥቧ በሰሊጡ ላይ ካረፈች ሰሊጡ በእርግጠኝነት ይጠቁራል። ያለ ማካካሻ ስፖትን መጠቀም ለነጭ ዕቃ ጠንቅ ነው። ካነን በብዙ ካሜራዎቹ ላይ ከስፖት ሰፋ ያለ ቦታ የሚለካ ፓርሻል የሚባል ዓይነት ጨምሮ ያቀርባል፤ ጠባዩ ግን አንድ ነው።

አራተኛው ለነጭ ነገር ቅድሚያ የሚሰጠው ሃይላይት ዌይትድ ነው። ኒኮን በ2014 እ.ኤ.አ. ዲ 810 በተባለው ካሜራው ያቀረበው ሲሆን በፍሬሙ ውስጥ እጅግ ብሩህ የሆነው ክፍል ነጥቶ እንዳይጠፋ ይጠብቃል።

የስልክ ካሜራም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ስክሪኑን በጣት ሲነኩት ካሜራው ትኩረቱንም የብርሃን ልኬቱንም ወደ ተነካው ቦታ ያዞራል። ሰሊጡን መንካት ሰሊጡን ያጠቁራል። በጆንያው ጥላ ያለውን ጥቁር ቦታ መንካት ደግሞ ሰሊጡን ያለ ልክ ያነጣዋል። ሁለት ሰዎች አንድ ሰሊጥ በአንድ ዓይነት ስልክ አንሥተው ሁለት ዓይነት ቀለም የሚያገኙት ጣታቸውን ያሳረፉበት ቦታ ስለሚለያይ ነው።

እርማቱ

ካሜራው የሚሳሳትበት አቅጣጫ ከታወቀ እርማቱ ቀላል ነው። በትልልቅ ካሜራዎች ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ። ለነጭ ዕቃ ወደ መደመር፣ ለጥቁር ዕቃ ወደ መቀነስ ይዞራል። ለሰሊጥ ወይም ለጥጥ ከመደመር 1 ጀምሮ እየተመለከቱ ማስተካከል ጥሩ መነሻ ነው። ለኑግ ወይም ለጥቁር ከብት ከመቀነስ 1 መጀመር ይቻላል። በብዙ ስልኮች ላይ ደግሞ ስክሪኑ ሲነካ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ይወጣል። ምልክቱን በጣት ወደ ላይ መሳብ መደመር ሲሆን ወደ ታች መሳብ መቀነስ ነው።

መደመሩ መቼ እንደሚበቃ የሚያሳውቅ ምስክርም ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከሁሉ ርካሹ ምስክር አንድ ነጭ የቢሮ ወረቀት ነው። ሰሊጡ ከወረቀቱ ጎን ሆኖ ሁለቱም በአንድ ፍሬም ይነሣሉ። በትክክለኛ ፎቶ ላይ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ የሰሊጡ ቀለም ከወረቀቱ ዝቅ ያለ ክሬም መሆን አለበት። ወረቀቱ ግራጫ ከሆነ መደመሩ አላነሰም ማለት አይቻልም። ወረቀቱና ሰሊጡ ሳይለዩ አንድ ላይ ከነጡ ደግሞ መደመሩ በዝቷል። በፎቶ መደብር የሚሸጠው ባለ 18 በመቶ ግራጫ ካርድ ካለ ደግሞ ካሜራው መጀመሪያ ካርዱን ብቻ ለክቶ ልኬቱ ከተቆለፈ በኋላ ሰሊጡን ማንሣት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ማካካሻ አያስፈልግም፤ ካሜራው የሚገምተው ግራጫ በእውን ተሰጥቶታልና።

የሚነሣበት ቦታም ያው ይወስናል። ጠራራ ፀሐይ ላይ በፍሬዎቹ መካከል የሚፈጠረው ጥላ ይጠቁራል፤ የፍሬው ጀርባ ይነጣል። መጋዘን ውስጥ ደግሞ አይኤስኦ ይንራል። የሚሻለው በመጋዘኑ በር ወይም በበረንዳ ሥር ሰማይ የሚታይበት ክፍት ጥላ ነው። እንዲህ ያለው ጥላ ከጠራራው ፀሐይ ሦስት እርከን ገደማ ቢያንስ ኤፍ 5.6 ላይ አይኤስኦ 100ን ሳይጨምሩ በ1/100 ሰከንድ ማንሣት ያስችላል።

ከንጣትና ከጥቁረት በተጨማሪ የብርሃኑ ቀለም መታሰብ አለበት። በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ ሸራ ሥር የተነሣ ሰሊጥ የሸራውን ቀለም ይወስዳል። በቢጫ አምፖል ሥር የተነሣው ይወይባል። ካሜራው ይህን ለማረም ዋይት ባላንስ የሚባል ሥልት ቢኖረውም ሁልጊዜ አይሳካለትም። ነጩ ወረቀት በዚህም ረገድ ምስክር ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ከታየ የሰሊጡ ቢጫነት ከአምፖሉ ሊሆን እንደሚችል ገዢው ይረዳል።

በቆላው ሌላም መሰናክል አለ። በጠራራ ፀሐይ የስልክ ስክሪን ጨልሞ ስለሚታይ አንሺው ፎቶው ጠቁሯል ብሎ ብርሃን ይጨምርበታል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ደግሞ ብዙ ስልኮች ከመጋል ራሳቸውን ለመጠበቅ ስክሪናቸውን በራሳቸው ያደበዝዛሉ። ስለዚህ በፎቶው ላይ መፍረድ የሚገባው ጥላ ውስጥ ገብቶ ነው። ሂስቶግራም የሚያሳይ ካሜራ ያለው ሰው በስክሪኑ ብሩህነት አይታለልም። በዚህ ሥዕል ላይ የግራው ጫፍ ጥቁር፣ የቀኙ ጫፍ ነጭ ነው። የነጭ ሰሊጥ ክምር ወደ ቀኝ ማዘንበል ሲኖርበት የቀኙን ግድግዳ ግን መግፋት የለበትም። ግድግዳውን ከገፋ የፍሬዎቹ ዝርዝር ጠፍቷል።

ገዢው ፎቶውን እንዴት ያንብብ?

አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ተቀምጦ ፎቶ የሚቀበለው ገዢ በሰሊጡ ላይ ከመፍረዱ በፊት በፎቶው ላይ መፍረድ ይገባዋል። በመጀመሪያ ዙሪያውን ያይ። ጆንያው፣ የሰው እጅና መሬቱ ሁሉ ከወትሮው ጠቁረው ከታዩ የጠቆረው ሰሊጡ ሳይሆን ፎቶው ነው። ዙሪያው ሁሉ ነጥቶ ከታየ ወይም ጥቁር መሆን የነበረበት ላስቲክ ግራጫ ከሆነ ፎቶው ከልክ በላይ ብርሃን ገብቶበታል፤ በንጣቱም መደሰት አይገባም።

ቀጥሎ ፍሬዎቹን አቅርቦ ያይ። እያንዳንዱ ፍሬ ጠርዙና ጥላው የሚለይ ከሆነ ፎቶው መረጃ ይዟል። እንደ ሊጥ አንድ ላይ ከተለሰነ ግን በጨለማ፣ በከፍተኛ አይኤስኦ ተነሥቶ የለሰለሰ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ካለው ፎቶ አፈር የለበትም ብሎ መደምደም አይቻልም።

በሦስተኛ ደረጃ ፎቶው በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲላክ መጠየቅ ይጠቅማል። እንደ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ይታመቃል፤ በውስጡ ያለው ዝርዝር መረጃም ይቀራል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን ዋናው ምስል ከነመረጃው ይደርሳል። ዝርዝሩን ለሚከፍት ሰው አይኤስኦው፣ የሻተሩ ጊዜና የተነሣበት ሰዓት ተጽፎ ይገኛል። አይኤስኦ 50 ወይም 100 የሚል ፎቶ በቂ ብርሃን ባለበት ቦታ የተነሣ ነው። 2500 የሚል ፎቶ ደግሞ «በረንዳ ላይ ወጥቶ እንደገና ይነሣ» ለማለት በቂ ምክንያት ነው።

በመጨረሻም ገዢውና ሻጩ በአንድ አቀማመጥ ቢስማሙ ክርክሩ ይቀንሳል። አንድ ነጭ ወረቀት፣ በላዩ ከሁለት ከሦስት ጆንያ የተዘገነ ሰሊጥ፣ ለመጠን ማነጻጸሪያ አንድ የብር ሳንቲም፣ ቦታው ክፍት ጥላ። ይህ ከሆነ የዛሬው ፎቶ ከትናንቱ፣ የሸሕዲው ከመተማ ዮሐንሱ ጋር ሊወዳደር ይችላል። ለደላላውም ቢሆን ያስተላለፈው ፎቶ በኋላ ጠብ ቢነሣ የሚከላከልለት ማስረጃ ይሆነዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፎቶ የናሙናን ቦታ እንደማይተካ መዘንጋት አይገባም። ካሜራ እርጥበት አይለካም፤ የጆንያውን ሥር አያሳይም፤ ጣዕምና ሽታም አያውቅም። ደረጃ የሚወጣው ናሙናው በእጅ ተይዞ ሲመረመር ነው። የፎቶው ድርሻ ናሙናውን ለማየት ጎንደር ድረስ መሄድ ያዋጣ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ መንገር ነው። ይህን ድርሻውን በሐቅ እንዲወጣ ግን ካሜራው ግራጫ ነው ብሎ የገመተውን ነጭ፣ አንሺው አንድ እርከን ጨምሮ ወደ ነጭነቱ ሊመልስለት ይገባል።